የአህያዋ ምላስ

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። ቤቱ ከወገቡ ተቆርጦ፣
የቀረው በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተቀምጦ፣
ከባንክ ፈቃድ ጠይቄ፣ ብር ከምቆጥርበት መስኮት
መጣሁ የአክስቴን ጓዝ ላወጣ፤ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ መስታወት።

ጉዲና ከሱሉልታ ሦስት አህያ ነድቶ መጥቷል፣
የፈረሰውን ሊያግዝ በምልልስ ተዋውሏል።
ሁለቱ ጭነት ይዘው ሄዱ።
ሦስተኛዋ፣ ግራጫዋ፣ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ፣
ከጓዳው ግድግዳ ሥር ቆመች፤ እግሯ ወዴትም አልሄደ።
ጎተታት። ገፋት። በኦሮምኛ ለመናት፣ በአማርኛ ሰደባት።
እሷ ጭቃውን ትልሳለች፣ ማር የተቀባ መስሏት፤
ዓይኗን ጨፍና፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትቸኩል፣ በዝግታ፣
መነጽሩን የረሳ ሽማግሌ ደብዳቤ እንደሚያነብ ማታ።

«ተዋት» አለች እትዬ ዘምዘም፣ ከሻንጣው ላይ ተቀምጣ፤
«የአያቴ መጋዘን ነው። ግድግዳው ስንት ክረምት የጨው ላብ ጠጣ።»

አሞሌ።
ስንዝር ከጣት ርዝመቱ፣ በልጥ የታሰረ ወገቡ፣
በጥፍር ሲመቱት የሚጮህ፤ ካልጮኸ ተሰንጥቋል ልቡ።
አፋር ሜዳ ላይ ድንጋይ፣ ዳገት በወጣ ቁጥር ገንዘብ፤
ባለቤቱ ከሽፍታ ይልቅ የሚፈራለት ዝናብ።
ግመል ለበቅሎ፣ በቅሎ ለአህያ እያቀበለው፣
በየኬላው አንድ እየጎደለ፣ በየወንዙ ጠርዙን ውሃ እየበላው።

ሺፋ፣ የደሪታው ሲራራ፣ ከወርጂ ነጋዴ ጋር አብሮ፣
የገበያ ኦሮምኛ ከየማደሪያው ቃርሞ ተምሮ፣
ወዳጅ መንገድ ላይ ሲያገኝ ከጉያው አንድ ያወጣል፤
«ላስ» ይለዋል። ያም ይልሳል። ሰላምታ እንዲህ ይጣፍጣል።
(እኔ ደንበኛዬን «ቀጣይ!» ነው የምለው፣ በመስታወት በኩል።)

«ከዚያስ?» አልኳት።
ዝም አለች። የጎረቤቱ ፎቅ ክሬን በላያችን ዞረ።
«ከዚያማ ጨው ተጭኖ ከጊቤ ማዶ ተሻገረ።
ቡና አለ፣ ዝባድ አለ፣ የዝሆን ጥርስ አለ። ሰው አለ።
ሴት አያቴን በዚሁ ጨው ገዝቶ ከበቅሎው ኋላ አስከተለ።
ሉባባ ያሏት እነሱ ናቸው።
እናቷ ያወጣችላትን ስም ከእሷ ሌላ የሰማ የለም፤
ለእኛም አልነገረችን፤ ኩርፊያ አልነበረም፣ ቂምም አይደለም።»

«በስንት አሞሌ?»
ሥራዬ መቁጠር ነው፤ አፌ አመለጠኝ።
አየችኝ። መልስ አልሰጠችኝ።

«አንድ ነገር አውቃለሁ» አለች ቆይታ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣
«እስክትሞት፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ጨው ድስቷ ውስጥ አልገባ።
ጎረቤት ‹አልጫዋ ሴትዮ› ይላት ነበር፣ ከኋላዋ እየሳቀ።
እኛ ልጆች ተደብቀን ስንጨምር፣ እጇ ከሳህኑ ራቀ።»

ተረቱ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ» ይላል፤
ያ ጨው ለሺፋ ጣፈጠ፤ ለሉባባ ድንጋይ ሆኗል።

አህያዋ በቃኝ ብላ ራሷ ዞረች፤ ጉዲና ጆንያውን ጫነ።
የምላሷ መንገድ ጭቃው ላይ ለጥቂት ታየ፣ ፀሐይ ወጣበት፣ ተነነ።
ከመሬት የሚወጣ ሸክላ የለው፣ ማኅተም የለው፤
ሟሙቶ ያለቀን ገንዘብ ከአህያ በቀር ማን አገኘው?
እኔም ጣቴን አስነካሁት።
አልቀመስኩትም። አፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት፣ መስኮቴ ላይ፣ የመቁጠሪያው ማሽን ተበላሽቶ፣
በእጄ ስቆጥር፣ እንደ ልማዴ፣ ሳላስበው ከቶ፣
ጣቴን ላርስ ወደ አፌ ወሰድኩ።
ምላሴ ነካው።
ስንተኛው ብር ላይ እንደነበርኩ ጠፋብኝ።
ደንበኛው መስታወቱን አንኳኳብኝ።
ከአንድ ጀመርኩ።